የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጽሕፈት ድጋፍ፦ ምንነቱ፣ አስፈላጊነቱና አጠቃቀሙ

አንድ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አዲስ የሚሆኑበት ነገሮች ብዙ ናቸው። ግቢው፣ ዶርሙ፣ ካፌው፣ ከየአካባቢው የመጡት ጓደኞቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ውጤቱን የሚነካው ለውጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው የመጀመሪያው አሳይመንት ታርሞ ሲመለስ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የተማሪው ዕውቀት በአብዛኛው ሲለካ የቆየው ከተሰጡት አማራጮች መካከል ትክክለኛውን ፊደል በመምረጥ ነበር። አሁን ግን ባዶ ወረቀት ይሰጠውና “አብራራ”፣ “አነጻጽር”፣ “ገምግም” ይባላል። ትምህርቱን እያወቀ በወረቀቱ ላይ ማሳየት የሚቸገር ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚሰጠው እገዛ የጽሕፈት ድጋፍ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ድጋፉ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚያስፈልግና ተማሪዎች እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ችግሩ ከየት ይመነጫል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ መሠረት ጥሏል። በመሆኑም አብዛኛው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ እንግሊዝኛን የትምህርት መስጫ ቋንቋ አድርጎ የተማረባቸው ዓመታት ውስን ናቸው። በእነዚያም ዓመታት ቢሆን የክፍል ተማሪ ቁጥር መብዛት ለእያንዳንዱ ተማሪ ድርሰት እየሰጡ፣ እያረሙና እየመለሱ ለማስተማር አያመችም። ብሔራዊ ፈተናውም የምርጫ ጥያቄዎችን የያዘ ስለሆነ፣ የተማሪዎች ዝግጅት የሚያተኩረው ትክክለኛውን መልስ በመለየት ላይ እንጂ መልሱን በራስ ቃል በማብራራት ላይ አይደለም።

ስለዚህ ችግሩ የተማሪው የአእምሮ ብቃት ወይም የትጋት ጉድለት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ተማሪም ቢሆን አንድ ሙሉ ገጽ በራሱ ሐሳብና በራሱ አደረጃጀት ጽፎ የማያውቅ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር መቸገሩ የሚጠበቅ ነው። መፍትሔውም ያልተማሩትን መማር ነው።

በአንደኛ ዓመት ጽሕፈት የሚፈለገው የት ነው?

ለረጅም ዓመታት ተቋርጦ የቆየው የፍሬሽማን ፕሮግራም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በድጋሚ መሰጠት መጀመሩ ይታወቃል። በዚህ ፕሮግራም ተማሪዎች በሁለት ደረጃ የተከፈለ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተግባቦት ኮርስ ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ ጽሕፈት የሚፈለገው በቋንቋ ኮርስ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ሥነ ልቦና፣ አንትሮፖሎጂ እና ሎጂክን የመሳሰሉ ኮርሶች አጫጭር የማብራሪያ ጥያቄዎች፣ የግልና የቡድን አሳይመንቶች ይኖሯቸዋል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችም የቤተ ሙከራ ሪፖርት ያቀርባሉ። የቤተ ሙከራ ሪፖርት የራሱ ሥርዓት አለው። የሙከራው ዓላማ፣ የተከናወነበት ዘዴ፣ የተገኘው ውጤትና የውጤቱ ትንተና ለየብቻ ይቀመጣሉ። የታየውን ከተገመተው፣ ውጤቱን ከማብራሪያው ጋር ቀላቅሎ የጻፈ ተማሪ ሙከራውን በትክክል ቢሠራም ነጥብ ሊያጣ ይችላል።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን የሚያሳየው ሌላው ነጥብ የዲፓርትመንት ምደባ ነው። ተማሪዎች የሚማሩበት የሙያ መስክ ሲወሰን ከፍላጎታቸው ጋር የአንደኛ ዓመት ውጤታቸውም ይታያል። በተከታታይ ምዘና ወቅት በጽሕፈት ጉድለት ምክንያት ከየኮርሱ የሚጎድሉ ጥቂት ጥቂት ነጥቦች ሲደመሩ ተማሪው ከተመኘው ዲፓርትመንት ሊያርቁት ይችላሉ። ውጤቱ ከዚህም ዝቅ ካለ በዩኒቨርሲቲው ደንብ መሠረት ማስጠንቀቂያ ወይም ከትምህርት መሰናበት ሊያስከትል ይችላል።

የጽሕፈት ድጋፍ ምንን ያካትታል?

የድጋፉ ዓይነትና ስያሜ ከተቋም ተቋም ሊለያይ ይችላል። በጥቅሉ ግን የሚከተሉት መንገዶች የተለመዱ ናቸው።

አንደኛው በሴሚናር ወይም በቱቶሪያል መልክ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። በትልቅ አዳራሽ ከሚሰጠው ሌክቸር በተለየ፣ ተማሪዎች በአነስተኛ ቡድን ተከፍለው ከመምህሩ ወይም ከረዳት መምህሩ ጋር የሚገናኙበት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ነው። በዚህ ክፍለ ጊዜ የኮርሱ ጥያቄዎች ይተነተናሉ፤ ተማሪዎች የጻፉትን ረቂቅ ያቀርባሉ፤ አስተያየትም ይቀበላሉ።

ሁለተኛው በበርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋመው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል ነው። ማዕከሉ የሚያገለግለው የቋንቋ ተማሪዎችን ብቻ አይደለም። የየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ተማሪ የቋንቋ ክህሎቱን ለማሻሻል ሊጠቀምበት ይችላል።

ሦስተኛው የመምህራን የማማከሪያ ሰዓት ነው። መምህራን ተማሪዎችን በቢሮ የሚቀበሉበትን ሰዓት ብዙውን ጊዜ በቢሯቸው በር ላይ ይለጥፋሉ ወይም በኮርሱ መግለጫ ላይ ያሰፍራሉ። ይህ ሰዓት ለተማሪው የተመደበ ነው። ተማሪው መምህሩን እንዳስቸገረ ሊሰማው አይገባም።

አራተኛው ተማሪዎች እርስ በርስ የሚሰጣጡት ድጋፍ ነው። ሲኒየር ተማሪዎች ወይም የክፍል ጓደኞች አንዳቸው የሌላውን ጽሑፍ አንብበው “ይህ አልገባኝም” ሲባባሉ ጸሐፊው ራሱ ያላየው ጉድለት ይታያል።

በኮርሱ ውስጥ የሚሰጥ ድጋፍ ለምን ይጠቅማል?

የሰዋስው ሕግ ለብቻው ሲጠና ጠቃሚ ቢሆንም፣ ተማሪው ያንን ሕግ ነገ በሚያስረክበው አሳይመንት ላይ እንዴት እንደሚጠቀምበት ላያውቅ ይችላል። በሴሚናር የሚሰጠው ድጋፍ ግን የሚነሣው ተማሪው በእጁ ከያዘው ጥያቄ ነው። አንድ ምሳሌ እንመልከት።

በጂኦግራፊ ኮርስ “በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአፈር መሸርሸር ለምን እንደሚባባስ አብራራ” የሚል ጥያቄ ተሰጠ እንበል። አንድ ተማሪ በመጀመሪያ ረቂቁ እንዲህ ሲል ይጀምራል፦ “የአፈር መሸርሸር ለአገራችን ትልቅ ችግር ነው። የአፈር መሸርሸር ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ሁሉም ሰው አፈርን መጠበቅ አለበት።” ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አንዱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንዱም ጥያቄውን አይመልስም። ጥያቄው ምክንያትን ይጠይቃል፤ መልሱ ግን ስለ ጉዳትና ስለ ምክር ይናገራል።

በሴሚናሩ መምህሩ ተማሪውን የሚጠይቀው “ለምን?” የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተማሪው በቃል ሲመልስ መሬቱ ተዳፋት መሆኑን፣ የክረምቱ ዝናብ በአጭር ጊዜ በኃይል እንደሚወርድና ዛፉና ሣሩ መመናመኑን ይናገራል። መልሱን ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ይሆናል፦ “በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአፈር መሸርሸር የሚባባሰው ሦስት ምክንያቶች ሲገናኙ ነው፤ እነርሱም የመሬቱ ተዳፋትነት፣ የክረምቱ ዝናብ ኃይለኛነትና የዕፅዋት ሽፋን መመናመን ናቸው።” ከዚያም እያንዳንዱን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ያስረዳል፤ ተዳፋቱ የጎርፉን ፍጥነት እንዴት እንደሚጨምር፣ ሥር የሌለው አፈር እንዴት በቀላሉ እንደሚታጠብ ያብራራል።

በሁለቱ ረቂቆች መካከል የተማሪው የጂኦግራፊ ዕውቀት አልጨመረም። የተለወጠው ዕውቀቱን ለጥያቄው መልስ አድርጎ ማቅረቡ ነው። የጽሕፈት ድጋፍ ዋና ሥራም ይኸው ነው።

ይህ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ለብቻው ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ ያቃናዋል፤ ተማሪውም እንደገና ሌላ ይዞ ይቀርባል። በዚያ ሥርዓት መታረም የትምህርቱ መንገድ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በዩኒቨርሲቲም ረቂቁን ለእርማት የሚያቀርብ ተማሪ ደካማ ሊባል አይገባም።

ተማሪዎች ድጋፉን እንዴት ይጠቀሙበት?

1. *በጊዜ መጀመር።* ድጋፍ የሚጠቅመው ሥራው ከመረከቡ በፊት ነው። ማስረከቢያው ነገ ሆኖ ዛሬ ማታ የሚጠየቅ እገዛ የፊደል ስሕተት ከማረም አያልፍም። አሳይመንቱ በተሰጠ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ ረቂቅ ማዘጋጀት ይመከራል።

2. *የጥያቄውን ግሥ መለየት።* “ዘርዝር” የሚል ጥያቄ ነጥቦችን ይፈልጋል። “አብራራ” ምክንያትን ወይም አካሄድን ይፈልጋል። “አነጻጽር” የሁለት ነገሮችን ተመሳሳይነትና ልዩነት ጎን ለጎን ማስቀመጥን ይጠይቃል። “ገምግም” ደግሞ ማስረጃን መዝኖ አቋም መያዝን ይሻል። ብዙ ነጥብ የሚጠፋው መልሱ ተሳስቶ ሳይሆን የተጠየቀው ሌላ፣ የተመለሰው ሌላ ሆኖ ነው።

3. *ሐሳብን በሚቀል ቋንቋ ማደራጀት።* ተማሪው ዋና ዋና ነጥቦቹን በመጀመሪያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋው በአጭሩ ቢጽፍ ይረዳዋል። ሙሉ ጽሑፉን ግን ቃል በቃል መተርጎም አይመከርም። በእነዚህ ቋንቋዎች ግሡ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲመጣ፣ በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። ረጅም ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ሲተረጎም ትርጉሙ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ከነጥቦቹ ተነሥቶ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ ይሻላል።

4. *ጥያቄ ይዞ መቅረብ።* “ይህን እዩልኝ” ከማለት ይልቅ “ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው ጋር ይያያዛል?” ወይም “ይህ ማስረጃ በቂ ነው?” ብሎ መጠየቅ የሚሰጠውን አስተያየት የጠራ ያደርገዋል። የአሳይመንቱን መመሪያና የመጀመሪያ ረቂቁን ይዞ መሄድም አስፈላጊ ነው።

5. *የተሰጠውን እርማት መዝግቦ መያዝ።* ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶችን በአንድ ደብተር መጻፍና ቀጣዩን ሥራ ከማስረከብ በፊት ያንን ዝርዝር መመልከት ተመሳሳይ ስሕተትን ይቀንሳል።

6. *ድምፅ አውጥቶ ማንበብ።* ጸሐፊው ራሱ ሲያነበው የሚያደናቅፈው ዓረፍተ ነገር አንባቢውንም ያደናቅፋል። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ የራስ እርማት መንገድ ነው።

ድጋፉ የማያካትታቸው ጉዳዮች

የጽሕፈት ድጋፍ የሚሰጥ መምህርም ሆነ ባለሙያ የተማሪውን ሥራ አይሠራም፤ ውጤትም አያስተካክልም። የእርሱ ድርሻ ጉድለቱን ማሳየትና የማስተካከያውን መንገድ መጠቆም ነው። እርማቱን የሚያከናውነው ተማሪው ነው።

ከዚህ ጋር በተያያዘ በጥብቅ ሊጤን የሚገባው ጉዳይ አለ። ከግቢ ውጭ በክፍያ አሳይመንት ማሠራት፣ የጓደኛን ሥራ ስም ቀይሮ ማቅረብ፣ ከኢንተርኔት የተወሰደን ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅሱ የራስ ማስመሰል፣ እንዲሁም በሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ የተጻፈን እንደ ራስ ሥራ ማስረከብ የአካዳሚክ ሐቀኝነት ጥሰት ነው። እንደየተቋሙ ደንብም ቅጣት ያስከትላል። ከቅጣቱ በላይ የሚጎዳው ግን ተማሪው ራሱን ነው። በገንዘብ የተሠራ አሳይመንት ነጥብ ቢያስገኝም፣ ተማሪው ፈተና ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ አብሮት አይገባም። በመጨረሻው ዓመት የምርምር ጽሑፍ ሲያዘጋጅ፣ ከምርቃት በኋላም የሥራ ማመልከቻና ሪፖርት ሲጽፍ ጉድለቱ ተመልሶ ይመጣል።

ብዙ ተማሪዎች ወደዚህ የሚገቡት ከስንፍና ይልቅ ከፍርሃት የተነሣ ነው። “በራሴ እንግሊዝኛ ብጽፍ ይሳቅብኛል” የሚል ሥጋት ያለበት ተማሪ በስሕተት የተሞላ የራሱ ረቂቅ ከሌላ ሰው ከተወሰደ ጥሩ ጽሑፍ የበለጠ ዋጋ እንዳለው ሊያውቅ ይገባል። የራሱ ረቂቅ ሊታረም ይችላል፤ የተወሰደው ግን ለተማሪው ምንም አያስተምረውም።

ተጨማሪ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎች

የማየት፣ የመስማት ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ከፍላጎታቸው ጋር የተጣጣመ የትምህርት እገዛ ሊደረግላቸው ይገባል። ይህም ተጨማሪ ቱቶሪያልን፣ ለፈተና የሚሰጥ ተጨማሪ ጊዜንና የማስረከቢያ ቀን ማራዘምን ሊያካትት ይችላል። ተማሪዎቹ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለየኮርሱ መምህርና በተቋሙ ለሚገኘው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ፍላጎታቸውን ቢያሳውቁ አገልግሎቱን ለማመቻቸት ይረዳል።

በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ተማሪዎችም የተለየ የቱቶሪያል መርሐ ግብር አላቸው። ይህን መርሐ ግብር በተመለከተ መረጃ ከሥርዓተ ፆታ ጉዳዮች ክፍል ማግኘት ይቻላል።

ድጋፉን ማግኘት ያልቻለ ተማሪ ምን ያድርግ?

አገልግሎቱ በሁሉም ተቋማት በእኩል ደረጃ የተደራጀ ላይሆን ይችላል። በመሆኑም ድጋፍ ያጣ ተማሪ ዝም ብሎ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። በቅድሚያ የኮርሱን መምህር በማማከሪያ ሰዓት ማነጋገር፣ ከዚያ የተመደበለትን የአካዳሚክ አማካሪ፣ ቀጥሎም የፍሬሽማን ፕሮግራም አስተባባሪውን መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ መንገድ ምላሽ ካላገኘ ጥያቄውን በጽሑፍ ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። ጥያቄው የኮርሱን ስም፣ የተጠየቀውን ድጋፍና የተጠየቀበትን ቀን ቢይዝ ምላሽ ለመስጠት ያመቻል። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ተማሪዎች በክፍል ተወካያቸው ወይም በተማሪዎች ኅብረት በኩል በጋራ ማመልከታቸውም ተገቢ ነው።

የመምህራንና የወላጆች ድርሻ

መምህራን በአንድ ትልቅ አሳይመንት ምትክ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር የጽሕፈት ሥራዎችን በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቢሰጡ፣ ጉድለቱ ሳይውል ሳያድር ይታወቃል። ሁሉንም ስሕተት በቀይ እስክርቢቶ ከማመልከት ይልቅ ዋና ዋናዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ነጥቦች ለይቶ መጻፍ ለተማሪው ይበልጥ ግልጽ ነው፤ የመምህሩንም ጊዜ ይቆጥባል። ጥሩ ተብሎ የተመዘነ የቀድሞ ተማሪ ሥራን ስም አጥፍቶ ለናሙና ማሳየትም የሚጠበቀውን ደረጃ ያስረዳል።

ወላጆችና አሳዳጊዎች በስልክ “ውጤት ስንት ነው?” ብለው ከመጠየቃቸው በፊት “የሚያግዝህ አግኝተሃል? የሚያግዝሽ አግኝተሻል?” ብለው ቢጠይቁ ልጆቻቸውን ያበረታታሉ። ከቤቱ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ወጣት ችግሩን ለቤተሰብ ለመናገር ሊከብደው ይችላል። እርዳታ መጠየቅ ቤተሰብን እንደማያሳፍር ከወላጅ አንደበት መስማቱ ትልቅ ዋጋ አለው።

ውድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች

ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት በልፋታችሁ ነው። በባዶ ወረቀት ፊት መቸገራችሁ የተቀበላችሁትን ቦታ እንደማትመጥኑ አያሳይም፤ ገና ያልተማራችሁት አንድ ክህሎት መኖሩን ብቻ ያመለክታል። ይህ ክህሎት ደግሞ በልምምድና በእርማት የሚገኝ ነው። የመጀመሪያውን አሳይመንት ስትቀበሉ ረቂቃችሁን ቀደም ብላችሁ ጻፉ፤ ይዛችሁትም ወደ መምህራችሁ፣ ወደ ሴሚናራችሁ ወይም ወደ ማሻሻያ ማዕከሉ ሂዱ። ዛሬ በረቂቁ ላይ የሚሰመርበት ቀይ መስመር በሴሚስተሩ መጨረሻ ከሚቀነስ ነጥብ ያድናችኋል።